ነጭ የለበሰው ማሳ

ዴንቨር ወይም ሲያትል የሚኖሩ ዘመዶች በታኅሣሥ የሚልኩትን ፎቶ ያላየ የቦሌ ልጅ ጥቂት ነው። ጠዋት በመኪና ከከተማ ወጥተው፣ በረዶ የለበሰ ተራራ ሥር ቆመው፣ በወፍራም ካፖርት ተጠቅልለው ይስቃሉ፤ ማታ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ፎቶው በወጣቶች ኅብረት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ሲገባ አንድ ጥያቄ መከተሉ አይቀርም፦ «እኛስ የት እንሂድ?»

እኛም መሄጃ አናጣም። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ይላል፤ በ2013 ዓ.ም. ፓርኩ ከተከፈተ ወዲህ የብዙ ኅብረቶች መዋያ ሆኗል። በምሥራቅ በኩል ላለነው ደግሞ የረር አለ፤ ከቦሌ አራብሳ ሰማዩ ጠርቶ ሲታይ ቅርብ ይመስላል። እውነተኛ በረዶ አልፎ አልፎ የሚጥለው ግን ከ4,500 ሜትር በላይ በሆነው ራስ ዳሸን ላይ ነው፤ ያ ደግሞ በአንድ ቀን ደርሰውት የሚመለሱት አይደለም። ስለዚህ ነጭ ነገር ማየት የፈለገ ወጣት፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ ሌሊት ተነሥቶ ወደ ደብረ ብርሃን ይጓዛል። 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ሳትወጣ የደረሰ ሰው ሜዳው ጨው የተነሰነሰበት መስሎ ሊያገኘው ይችላል። ሣሩ ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል፤ ፀሐይ ስትወጣ ሁሉም ያብለጨልጫል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጠፍቶ የለም።

ይህ ነጭ ነገር በቋንቋችን አመዳይ ይባላል። በ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱሳችን ኢሳይያስ 1፥18 የኃጢአትን ስርየት ያመሳሰለው በዚሁ አመዳይ ነው። የደጋ ሰው በዓይኑ የሚያውቀው ንጣት ነው። ታዲያ ያንን ንጣት ለማየት ሌሊት መነሣት ምን ነውር አለው?

ነውር የለውም። ግን ያው አመዳይ ሌላ ስምም አለው፤ ገበሬው ውርጭ ይለዋል። ሰማዩ ደመና በሌለበት ሌሊት ምድር ቀን ያጠራቀመችውን ሙቀት የሚይዝላት ነገር ስለሌለ ሙቀቱ ወደ ላይ ያመልጣል። ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ረባዳው ማሳ ይወርድና ይተኛል። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ውኃ ሲቀዘቅዝ የተክሉ አካል ይጎዳል። አበባ ላይ ያለ ባቄላ ወይም አተር እንዲህ ያለ ሌሊት ካገኘው፣ ጠዋት ነጭ ሆኖ ያምራል፤ ቀትር ላይ በፈላ ውኃ የተነከረ ይመስል ይጠወልጋል፤ ከዚያም ይጠቁራል። እኛ ፎቶውን የምናነሣው ጠዋት ነው። ቀትር ላይ ምሳ በልተን ወደ አውቶቡስ እየገባን ነው።

ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፦ ለእኔ ውበት የሆነው ነገር ለሌላው ጉዳት ከሆነ፣ ደስ ሊለኝ ይገባል?

ሁለት ቀላል መልሶች አሉ። አንደኛው «ድሃ በሚቸገርበት ምድር ሽርሽር ኃጢአት ነው፤ ገንዘቡን ለችግረኛ ስጡት» ይላል። ይህ መልስ መንፈሳዊ ይመስላል፤ ነገር ግን ራሱ ቃሉ አይደግፈውም። በኢዮብ 38 እግዚአብሔር ኢዮብን ወደ በረዶው መዝገብ ገብቶ እንደ ሆነ ይጠይቀዋል። የሚጠይቀው ልጆቹን፣ ከብቱንና ጤናውን ያጣ ሰው ነው። ለዚያ ሰው እንኳ ጌታ የፍጥረትን ግርማ ከማሳየት አልተቆጠበም። ተራራ የጌታ ሥራ ነው፤ ሥራውን አይቶ ማድነቅ ለባለ ሥራው የሚገባ ክብር ነው።

ሁለተኛው መልስ «ውርጩን እኛ አላመጣነውም፤ ብንሄድም ባንሄድም ይወርዳል፤ ስለዚህ የሚመለከተን ነገር የለም» ይላል። ግማሹ እውነት ነው። ለውርጩ ጥፋተኞች አይደለንም። ግን ግዴታ የሚመጣው ከጥፋት ብቻ ነው ያለው ማነው? በሉቃስ 10 ያለው ሳምራዊ ያንን መንገደኛ አልደበደበውም። ካህኑም ሌዋዊውም አልደበደቡትም። የሦስቱም ግዴታ የመጣው በዚያ መንገድ በማለፋቸውና በማየታቸው ነው። እነሱ እንኳ ለጉዳያቸው ሲያልፉ በአጋጣሚ ነው ያዩት። እኛ ግን ዋጋ ከፍለን፣ ሌሊት ተነሥተን፣ ሆን ብለን ለማየት ነው የሄድነው። ለማየት የሄደ ሰው «አላየሁም» ሊል እንዴት ይችላል?

እዚህ ላይ የከተማችንን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ የሰፈሩት እንጦጦ ላይ ነበር። ብርዱና የማገዶ እጥረቱ ሲያስቸግር ሕዝቡ ቀስ በቀስ ወደ ፍል ውኃ አካባቢ ወረደ። ከተማችን ከብርድ በወረዱ ሰዎች የተመሠረተች ናት ማለት ነው። ዛሬ እኛ ያንን ብርድ ለአንድ ቀን ልንጎበኘው እንወጣለን። ብርድ ለጎብኚ ይጣፍጣል፤ መመለሻ ቤት ስላለው ነው። ከዚያው ተራራ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው፣ ወገባቸው እስኪጎብጥ ጎንበስ ብለው የሚወርዱ እናቶች ግን ተራራው መዝናኛቸው አይደለም። በእኛና በእነሱ መካከል ያለው ልዩነት የዓይን ጥራት ወይም የመንፈሳዊነት ልዩነት አይደለም፤ የመመለሻ ጉዳይ ነው።

መዝሙር 147ን ሙሉውን አንብቡት። መዝሙረኛው እግዚአብሔር በረዶን እንደሚሰጥ፣ አመዳይን እንደሚበትን በአድናቆት ይናገራል። ወዲያው ግን በብርዱ ፊት ማን ሊቆም እንደሚችል ይጠይቃል። ከዚያ በፊት በዚያው መዝሙር ልባቸው ስለ ተሰበረ ሰዎችና ጌታ ከፍ ስለሚያደርጋቸው ትሑታን ተናግሯል። ውበቱንም የሚበርደውንም ሰው በአንድ ዝማሬ ውስጥ አስቀመጣቸው። አንዱን ለማድነቅ ሌላውን መርሳት አላስፈለገውም። እኔም ትክክለኛው መልስ እዚህ ያለ ይመስለኛል፦ ደስታችንን የምንመዝነው ካወቅን በኋላም ደስታ ሆኖ በመቆየቱ ነው። ስለ ባቄላው ስሰማ ደስታዬ ወዲያው ተቆጥቶ «አሁን ይህን ምን አመጣው?» ካለ፣ የወደድኩት ተራራውን ሳይሆን አለማወቄን ነበር። ሰምቼ ምስጋናዬ ወደ ልመና፣ ልመናዬም ወደ እጄ ከወረደ ግን፣ ያ ደስታ ከጌታ ነው።

ይህ በተግባር ምን ይመስላል? መጀመሪያ ሰላምታ ነው። ገበሬው የፎቶ ማድመቂያ አይደለም፤ የምንረግጠው ሜዳ ባለቤት ነው። «አባባ፣ እንዴት አደሩ? አዝመራው እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱንም ቆሞ መስማት፣ ብር አውጥቶ ከመስጠት ይቀድማል። ማዘን የሚቻለው ከሩቅም ነው፤ ማክበር ግን መቅረብን ይጠይቃል። ቀጥሎ ምሳውን ሁሉ ከቦሌ ሱፐርማርኬት ጭኖ ከመሄድ ድንቹን፣ እንቁላሉን፣ ቆሎውን ከዚያው መግዛት ነው። ፌስታልና የውኃ ፕላስቲክ ለቅሞ መመለስ ደግሞ ሊነገርም አይገባ ነበር።

ከራሳችን መካከልም አለ። የጉዞው መዋጮ ሲነገር ዝም ብለው «ፈተና አለብኝ» የሚሉ ወንድሞችና እህቶች በየኅብረቱ አሉ። ሁሉም ፈተና የለባቸውም። አንዳንዶቹ የቤት ኪራይ የሚከፍለው ወንድማቸው ሥራ ስለፈታ ነው የሚቀሩት። ፎቶው በማግሥቱ ግሩፑ ውስጥ ሲለጠፍ እነሱም ያዩታል። አስተባባሪዎች፣ መዋጮውን የሚችል እንደ አቅሙ ጨምሮ፣ ያልቻለም ስሙ ሳይነሣ እንዲሄድ ማድረግ ከባድ አይደለም። ካልተቻለም በነፃ የሚሄዱበትን ቅርብ ኮረብታ መምረጥ ይቻላል። የጌታ ተራራ በሩቅ ብቻ አይገኝም።

ውርጩን የሚያመጣው ያው ጥርት ያለ የኅዳር ሌሊት ቦሌም ይደርሳል። ባቄላ ባናበቅልም፣ በየሕንፃው በረንዳ ላይ ካርቶን አንጥፈው የሚያድሩ ልጆች አሉን። በዘፀአት 22 እግዚአብሔር የድሃ ልብስ በመያዣ የተወሰደ እንደ ሆነ ፀሐይ ሳትገባ እንዲመለስለት ያዛል፤ ሌላ የሚለብሰው ስለሌለው በምን ይተኛል ብሎ ራሱ ይጠይቃል። የሰማይና የምድር ጌታ የአንድን ሰው የሌሊት ብርድ በሕጉ ውስጥ አስገባው። ያዕቆብም በምዕራፍ 2 የተራቆተን ሰው በባዶ እጅ «ሙቁ» ብሎ የሚያሰናብትን እምነት ምን ይጠቅማል ይላል። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ በየገበያው ይሸጣል። ለጉዞ ከምናወጣው ላይ ጥቂት ቀንሰን ለሰፈራችን ልጆች ብንገዛ፣ ያየነው ብርድ ከእኛ ጋር ወደ ከተማ ወርዶ ሥራ ሠራ ማለት ነው።

ጴጥሮስ በተራራው ላይ የጌታን ክብር ባየ ጊዜ ሦስት ዳስ ሠርቶ መቅረት ፈለገ። ጌታ ወደ ተራራው በመውጣቱ አልነቀፈውም፤ ራሱ ነው ያወጣው። ነገር ግን አላስቀረውም። ሲወርዱ ሥሩ አንድ አባት የታመመ ልጁን ይዞ ይጠብቅ ነበር፤ ያ አባት የመጣው ለፈውስ እንጂ ለእይታ አልነበረም። ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ውጡ። እንጦጦም፣ የረርም፣ ደብረ ብርሃንም ሂዱ፤ ዘምሩ፣ ተደሰቱ፣ ፎቶም ተነሡ። አስተባባሪው የፕሮግራሙን ዝርዝር ሲጽፍ ግን ከቁርስና ከመዝሙር ቀጥሎ አንድ መስመር ይጨምር፦ «ትናንት ሌሊት እዚህ ማን በረደው?» መልሱን ሳታገኙ አትመለሱ።