ከምስክርነት በኋላ የወደቀ

ወላይታ ሶዶ ውስጥ አረቄ የተወ ሰው እሑድ መድረክ ላይ ቆሞ «ጌታ ነጻ አወጣኝ» ይላል፤ ጉባኤው በእልልታ ይቀበለዋል። መስከረም ላይ የወላይታ ዘመን መለወጫ ግፋታ ይደርሳል፤ ዓመቱን ሙሉ የተቆጠበለት ሰንጋ ይታረዳል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ መጠጥ ይቀርባል። ያ ሰው ያን ቀን ቢቀምስ በማግስቱ ማን ዘንድ ይሄዳል?

ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ ያደግሁት በቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ከመጠጥ ጋር የሚታገሉ ጥቂት ሰዎች በረንዳዬ ላይ ይሰበሰባሉ። መነሻችን በ1935 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አክረን ከተማ የተጀመረው የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ማኅበር አሥራ ሁለት ደረጃዎች ናቸው። እዚያ ያከራከረው የእግዚአብሔር ስም ነበር፤ በ1939 እ.ኤ.አ. መጽሐፋቸው ሲታተም፣ ለማያምኑት አባላት ሲባል እያንዳንዱ አምላክን በገባው መንገድ እንዲይዝ ተጻፈ። እኛ ዘንድ በዚህ የሚጨነቅ የለም፤ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም አንድ ላይ ይጸልያል። ያስቸገረን የማኅበሩ ስም ያለመግለጽ ደንብ ነው። ማን የማን ልጅ እንደሆነ በሚታወቅበት ከተማ ስም አይደበቅም። ስለዚህ ወሬውን እንጠብቃለን፤ በረንዳው ላይ የተነገረ እድር ላይ አይነሳም።

ከባዱ ጥያቄ ግን ከአንድ አናጢ መጣ። «ነጻ ወጣሁ ብዬ መስክሬያለሁ። ዛሬም ሱሰኛ ነኝ ካልሁ ጌታን ውሸታም አላደርገውም ወይ?» ቤተ ክርስቲያን ነጻነትን እንደተፈጸመ ነገር ትሰብካለች፤ ደረጃዎቹ ደግሞ ሰውን በየቀኑ ራሱን እንዲመረምር ያዙታል። ለእኔ ሁለቱ አይጣሉም። እስራኤል ከግብፅ የወጣው በአንድ ሌሊት ነው፤ መናው ግን በየማለዳው ይለቀም ነበር፣ ለነገ የተቀመጠውም ይተላ ነበር። በየማለዳው ለመልቀም የወጣ ሰው ከግብፅ መውጣቱን አልካደም።

የቤተ ክርስቲያኔን ጥብቅነት አልንቅም። መሠረቷን የጣሉት የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሚሲዮናውያን በ1937 እ.ኤ.አ. በጣልያን ወረራ ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ያህል ነበሩ። ጣልያን ከተባረረ በኋላ ሲመለሱ 10,000 ያህል አማኞች ጠበቋቸው። አለመጠጣት የአማኝ መታወቂያ ሆኖ ቆየ፤ የማይጠጣ ጎረቤትም ብዙ ቤት አድኗል። ነገር ግን መታወቂያ ዋጋ አለው። የወደቀው ሰው መጠጡን ብቻ ሳይሆን በምእመናን መካከል የነበረውን ስፍራም ያጣል፤ ያፍራል፣ ይቀራል፣ ብቻውን ይጠጣል።

የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ማኅበር በ1950 እ.ኤ.አ. ያጸደቃቸው ልማዶች ከአባል የሚጠይቁት መጠጥ የማቆም ፍላጎትን ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን የተወውን ትመዘግባለች፤ እኛ መተው የሚፈልገውን እንቀበላለን። ልማዶቹ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ጉዳይ ራሱ እንዲወስን ስለሚፈቅዱም አንድ ነገር ለውጠናል። ሌላ ቦታ ሳይጠጡ የቆዩበት ጊዜ ተቆጥሮ ይጨበጨባል፤ በረንዳዬ ላይ መጀመሪያ የሚናገረው በዚያ ሳምንት የወደቀው ነው። ሌሎቹ ሳይገስጹ ይሰሙታል፣ ከዚያ ምን እንዳገዛቸው ይነግሩታል።

ለሽማግሌዎቻችን የማቀርበው ሐሳብ ይኸው ነው። ምስክርነት የሚሰጥበት መድረክ፣ ወድቆ ለተመለሰውም ይከፈት። ከምስክርነቱ በኋላ የወደቀው ሰው እንዲህ ያለ ምስክርነት ሰምቶ ቢሆን ኖሮ፣ በግፋታ ማግስት ወዴት እንደሚሄድ ያውቅ ነበር።