በዘመድ ስለሚገኝ እንጀራ



ነቢዩ ሳሙኤል በሸመገለ ጊዜ ልጆቹን ኢዮኤልንና አብያን በቤርሳቤህ ፈራጆች አድርጎ ሾማቸው። እነርሱ ግን ጉቦ በሉ፣ ፍርድ አጣመሙ፤ ሽማግሌዎቹም እስከ ራማ ሄደው ንጉሥ እንዲያነግሥላቸው ጠየቁት። ሳሙኤል ራሱ የማንንም በሬ ያልወሰደ ንጹሕ ሰው ነበር። ዘመድን መሾም እንግዲህ የጻድቁንም ደጅ ያንኳኳል ማለት ነው።

የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ክፍት የሥራ ቦታ በማስታወቂያ እንዲወጣና በውድድር ብልጫ ያገኘው እንዲቀጠር ደነገገ። ይሁን እንጂ አንዳንዱ ማስታወቂያ አሰላ ላይ ሳይለጠፍ ቦታው ሰው ተይዞለት ይቆያል። ከሳጉሬ ወይም ከቦቆጂ በሌሊት ብርድ ተነሥቶ የመጣው ልጅ የሚፈተነው ለቁጥር ማሟያ ነው።

እኛስ? ወላጆቻችን ገና ሳንመረቅ ወደ ንስሐ አባታችን ሄደው፣ «ያ ኃላፊ የንስሐ ልጅዎ ነውና አንድ ቃል ይንገሩልን» ይላሉ። ካህኑስ እንዴት እምቢ ይበሉ? የምትለምነው እናት እኮ ናት! የዘብዴዎስ ልጆች እናትም ለልጆቿ የቀኝና የግራ መቀመጫ ለመነች፤ ጌታችን ልመናዋን ሰማ፣ ቦታውን ግን አልሰጣትም።

ስለ ሰው ሙያ የሚያውቁትን እውነት መመስከርና ያልተፈተነውን ማስቀጠር ለየቅል ናቸው። ስለዚህ ዘንድሮ የምንመረቅ አባላት ክፍት ቦታ ስንሰማ ለዘመድ በማንሾካሾክ ፈንታ ከእሑድ ጉባኤ በኋላ ለሁሉ እናንብብ፤ ካህናቱንም በዚህ አናስቸግር። ሦስት ዓመት ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ወንድማችን ይህን ሲሰማ ቅር ይለው ይሆናል። ለእርሱ የሚሆን መልስ ገና አላገኘንም።