«የለም» እና «አልታየም»

ጉለሌ፣ ፓስተር አካባቢ ነው የምኖረው። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በር አልፋለሁ። የላብራቶሪ ወረቀት ይዘው ቁጥሩን ደጋግመው የሚያዩ ሰዎች አይጠፉም። ድሮ ምንም አይመስለኝም ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ ላብራቶሪ ሶፍትዌር እሠራ ነበር። የውጤቱ ቦታ ቁጥር ብቻ ነው የሚቀበለው። ማሽኑ ግን አንዳንዴ «ከ0.5 በታች» ብሎ ይልካል፤ ሲስተሙ ኤረር ይሰጣል። በአንድ መስመር ኮድ 0 አደረግኩት። በቃ፣ ኤረሩ ጠፋ። ከሳምንት በኋላ እዚያ የምትሠራ ባለሙያ ደወለችልኝ። «ወንድሜ፣ ይሄ ዜሮ ከየት መጣ? እኛ እኮ አላየነውም ነው ያልነው፤ የለም አላልንም።»

ያኔ ነገሩን ያከበደችው መስሎኝ ነበር። የገባኝ በኋላ፣ በብርሃን ስለሚነቁ የካንሰር መድኃኒቶች ሳነብ ነው። ፎቶፍሪን የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1993 ካናዳ ውስጥ ፈቃድ አገኘ፤ ኋላ አርሲና ባሌ በደንብ ለሚታወቀው ለምግብ ቧንቧ ካንሰርም ዋለ። መድኃኒቱ በደም ሥር ይሰጣል፤ ዕጢው ላይ 630 ናኖሜትር ቀይ ብርሃን ሲበራበት ከኦክስጅን ጋር ሆኖ ሴሉን ይገድላል። ችግሩ ቆዳ ውስጥም ይቀራል። ስለዚህ ታካሚው ቢያንስ 30 ቀን ከፀሐይ መሸሽ አለበት።

ልኬቱ ደግሞ ይገርማል። ከደም ወይም ከቲሹ ናሙና ተጣርቶ የወጣው መድኃኒት ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ቀይ ያበራል፤ የቀዩ ድምቀት መጠኑን ይናገራል። ግን ብርሃን ራሱ መድኃኒቱን ያፈርሰዋል። ናሙናው በፎይል ተጠቅልሎ ካልተቀመጠ፣ መስኮት አጠገብ የተረሳ ቱቦ ያነሰ ቁጥር ይሰጣል።

እንግዲህ እኔ የጻፍኩት ዓይነት 0 እዚህ ቢገባ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፦ መድኃኒቱ የለም፤ አለ ግን ማሽኑ ሊያየው አልቻለም፤ ነበረ ግን ሳይለካ ብርሃን አጠፋው። ሰውየው «0 ነው» ተብሎ ሽሮ ሜዳ በቀትር ፀሐይ ቢወጣስ? ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ነን፤ ፀሐያችን አትራራም። ደሙ በእውነት ነጻ ቢሆን እንኳ ስለ ቆዳው አይመሰክርም።

ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው «ታዲያ ዕድሜ ልኩን ጨለማ ቤት ይቀመጥ?» አለኝ። እውነቱን ነው። የሆነ ቦታ ላይ መስመር መሰመር አለበት፤ 30 ቀንም ሰው ያሰመረው መስመር ነው። ግን 30 ቀን ውሳኔ መሆኑ ይታወቃል። ባለቤት አለው፤ «ለምን 29 አልሆነም?» ብላችሁ ልትጠይቁት ትችላላችሁ። የእኔ ዜሮ ግን ልኬት መስሎ የገባ ውሳኔ ነበር። ማን እንደወሰነ የሚያውቅ ታካሚ የለም፤ እኔም ራሴ መወሰኔን አላወቅኩም ነበር።

ማንንም ለማታለል አላሰብኩም። ግን ሐሳብ ንጹሕ መሆኑ ቁጥሩን እውነት አያደርገውም። የሚለካ ሰው ያየውን ብቻ ሳይሆን ዓይኑ የት ድረስ እንደሚያይም የመናገር ግዴታ ያለበት ይመስለኛል፤ በወረቀቱ የሚኖረው ሌላ ሰው ነውና።

ኮዱን አስተካክያለሁ። አሁን «አልታየም፤ ማየት የምንችለው ከ0.5 ጀምሮ ነው» ይላል። ስክሪኑ ላይ ረዝሞ ያስጠላል። ይርዘም።