ለመንገደኛ አንድ ሌንስ ይበቃዋል?

ለጉዞ የሚሆን አንድ ሌንስ ወይም አንድ ትንሽ ካሜራ ለመምረጥ የተነሣ ሰው የሚገባበት ሙግት ሲያዩት የገበያ ሙግት ይመስላል። አንዱ ወገን፣ ከ18 እስከ 200 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዙም ያዝና ምንም አያምልጥህ ይላል። ሌላው፣ ዙም የሰነፍ መሣሪያ ነው፣ 35 ወይም 50 ሚሊ ሜትር ቋሚ ሌንስ ያዝና በእግርህ ተጠጋ ይላል። ከሥሩ ያለው ጥያቄ ግን ከካሜራ የቆየ ነው፦ ሰው በገዛ ፈቃዱ ራሱን ሲገድብ ነጻነቱን ያጎድላል ወይስ ያገኘዋል? ጾምና ምናኔ በኖሩበት አገር ይህ እንግዳ ጥያቄ አይደለም። የሚጾም ሰው ሥጋና ወተት የሚተወው ርኩስ ናቸው ብሎ ሳይሆን ልቡን የሚሻማውን ለጊዜው ገለል ለማድረግ ነው፤ ስለዚህም ጾሙ የሚመዘነው በተተወው ምግብ ብዛት ሳይሆን በተሰበሰበው ልብ ነው። የአንድ ሌንስም ነገር በዚሁ ሚዛን መታየት አለበት ባይ ነኝ። መገደብ በራሱ ጽድቅ የለውም፤ ዋጋ የሚያገኘው ዓይንን ከመባከን እስካሳረፈ ድረስ ብቻ ነው።

የመገደብ ወገን ምስክር አያጣም። የዴንማርኩ ፈላስፋ ኪርክጋርድ እ.ኤ.አ. በ1843 ባሳተመው «ወይ ይህ ወይ ያ» ውስጥ ስለ መሰልቸት የሚያወራ አንድ ክፍል አለ። ተናጋሪው ገጠር ሰልችቶት ከተማ በሚገባ፣ አገሩ ሲሰለቸው ባሕር በሚሻገር ሰው ያሾፋል፤ ሌላ መሬት ከመፈለግ በያዙት መሬት ላይ አዘራርን መለወጥ ይሻላል፣ ሰው በጠበበው ቁጥር ብልሃቱ ይበዛል ባይ ነው። በፎቶግራፍ ዓለም የዚህ ሐሳብ ጻድቅ ተደርጎ የሚጠራው ላይካ ካሜራና 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይዞ ከሜክሲኮ እስከ ቻይና የዞረው አንሪ ካርቲየ ብሬሶን ነው። ሁለቱም ምስክሮች ግን ጠጋ ሲሏቸው መልካቸው ይለወጣል። ኪርክጋርድ ያንን ንግግር ያኖረው ለደስታው ብቻ በሚኖር፣ ራሱ በማይቀበለው ገጸ ባሕርይ አፍ ነው፤ እዚያ መገደብ ደስታን የማራዘሚያ ዘዴ እንጂ በጎነት አይደለም። ካርቲየ ብሬሶንም 50ውን አብልጦ ይውደድ እንጂ ሲያሻው 35ም 90ም ይጠቀም ነበር። ተከታዮቹ ከመምህራቸው የበለጠ ጾመኛ ሆነዋል።

ሙከራ ላይ የተመሠረተ ማስረጃ ለሚሻ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሺና አየንጋርና ማርክ ሌፐር እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ጥናት ነው። 24 ዓይነት ማርማላታ በተደረደረበት ጠረጴዛ ቆመው ካዩት ሸማቾች የገዙት 3 በመቶ ያህሉ ሲሆኑ፣ 6 ዓይነት ብቻ ካዩት ግን 30 በመቶ ያህሉ ገዙ። ይህን ይዞ «ምርጫ ሲበዛ ሰው ይታሰራል» ማለት ያጓጓል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ፣ 50 ሙከራዎችን አንድ ላይ የመዘነ ጥናት አማካይ ውጤቱን ከዜሮ እምብዛም የማይርቅ ሆኖ አግኝቶታል። የምርጫ ብዛት በራሱ መርዝ አይደለም ማለት ነው። ለእኛ ነገር ይበልጥ የሚቀርበው ሊንዳ ሄንከል እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተመችው ነው። በሙዚየም ውስጥ ዕቃዎችን ሙሉ ለሙሉ ፎቶ ያነሱ ተማሪዎች ዝም ብለው ካዩአቸው ያነሰ አስታወሱ፤ ከዕቃው አንዱን ክፍል አጉልተው ያነሱት ግን ትዝታቸው አልጎደለም፣ ያላጎሉትን ክፍል እንኳ አልረሱም። አንድ ጥናት ሕግ አያወጣም። ዙም የስንፍና መሣሪያ ነው የሚለውን ፍርድ ለመጠራጠር ግን ይበቃል፤ የሚያጎላ ሰው «ከዚህ ሁሉ የምፈልገው የቱን ነው?» ብሎ መወሰን ግድ ይሆንበታልና።

«በእግርህ አጉላ» የሚለው ምክርም ቢሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያምታታል። ከፊት የቆመው ካህንና ከኋላው ያለው ቤተ ክርስቲያን እርስ በርስ የሚኖራቸውን መጠን የሚወስነው የቆምንበት ቦታ ነው፤ ሌንሱ የሚወስነው ከዚያ እይታ ምን ያህሉ እንደሚቆረጥ ነው። ስለዚህ መራመድ ማጉላትን አይተካም፣ ማጉላትም መራመድን። ደግሞ እግር የማይሄድበት ቦታ አለ። ላሊበላ ላይ ከአለት የተፈለፈለው ቤተ ጊዮርጊስ 12 ሜትር ገደማ ቁመት አለው። ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ቁመቱን በሙሉ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለማስገባት፣ ካሜራውን አቁሞ እንኳ፣ 17 ሜትር ያህል ማፈግፈግ ያስፈልጋል። ከሕንጻው እስከ አለቱ ግድግዳ ያለው ክፍተት ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ወደ አፋፉ ሲወጡ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጣሪያው ላይ የተቀረጸውን መስቀል ብቻ ለይቶ ለማንሣት ረዘም ያለ ሌንስ ያስፈልጋል እንጂ አንድ እርምጃ ወደፊት ገደል ነው።

ታዲያ አንድ መሣሪያ መያዝ የሚጠቅመው በምኑ ነው? አርስቶትል ሰው የሚመክረው ስለ ግቡ ሳይሆን ወደ ግቡ ስለሚያደርሰው መንገድ ነው ይላል። ተጓዡን የሚያደክመው ግን ያልተቆረጠ ግብ ነው፤ ምን ለማየት እንደሚሄድ ሳይወስን ሦስት ቋሚ ሌንስ ቦርሳው ውስጥ ይከታል፣ ከዚያም ቦታው ላይ ሌንስ ሲፈታና ሲያስር ዲያቆኑ አልፎ ይሄዳል፣ አቧራም ሴንሰሩ ላይ ያርፋል። በቋሚ ሌንሶቹ ብዛት ከዙሙ ባለቤት ይልቅ የተበተነው እሱ ነው። ከቤት ሳይወጣ አንዴ የተቆረጠ ውሳኔ፣ ዙምም ይሁን ቋሚ፣ ጥያቄውን ይዘጋል። ለአብዛኛው መንገደኛ ከ24 እስከ 70 የሚደርስ አጭር ዙም ይበቃል፤ ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ሦስተኛው አርኤክስ100 ይህን ስፋት ኪስ ውስጥ በሚገባ አካል ይዞታል። የባለ አንድ ኢንች ሴንሰሩ ስፋት ከፉል ፍሬም አንድ ሰባተኛ ገደማ ስለሆነ በጨለማ መቅደስ ውስጥ ምስሉ ይሻክራል። ይህ እውነተኛ ኪሣራ ነው፤ ሆቴል የቀረ ትልቅ ካሜራ ግን በጨለማም በብርሃንም አያነሣም።

«የሚያመልጠኝስ?» የሚለው ተቃውሞ ይቀራል፣ ይህም ከሁሉ ይከብዳል። ያመልጣል። ነገር ግን 200 ሚሊ ሜትሩ የሚያስገኘው ነገር ሁሉ ሊወሰድ የሚገባው ነው ወይ? በገና ዕለት በላሊበላ ቤተ ማርያም «ቤዛ ኵሉ» ሲዘመር፣ ነጠላዋን አጣፍታ የምታለቅስ ሴት ፊት ከማዶ ሆኖ ሳታውቅ መውሰድ የሚቻለው በረጅም ሌንስ ነው። በ50 ወይም በ70 ያንኑ ፊት ለማንሣት ጠጋ ማለት፣ በዓይን ፈቃድ መጠየቅ፣ ፊቷን ካዞረች ደግሞ ካሜራውን ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። በአጭር ሌንስም ስርቆት አይጠፋም፣ የመንገድ ፎቶ አንሺዎች ያውቁታል፤ ሰራቂው ግን ቢያንስ ይታያል። ፎቶ የሚነሣው ሰው እምቢ የማለት ዕድል እንዲኖረው አንዳንዱን ፎቶ አስቀድሞ ማጣት፣ ከሁሉ የመገደብ ምክንያቶች ጠንካራው ይመስለኛል። ይህ ለሰው ፊት የሚሠራ ክርክር ነው። ስሜን ተራሮች ላይ ዋሊያ ሊያነሣ የሚወጣ ሰው ግን የሚጠይቀው ፈቃድ የለም፣ ገደሉንም ተሻግሮ መጠጋት አይችልም፤ እሱ 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይያዝ።