ደቦ የጠራው ጎልማሳ

በመንዝ ደጋ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ፣ አንድ ጎልማሳ በአራት ማሳ የዘራው ገብስ ደረሰለት። ሰማዩ ጠቁሮ በረዶ ቢያስፈራው ደቦ ጠራ፤ ጎረቤቱም ማጭዱን እየያዘ ግልብጥ ብሎ ወጣ።

ጎልማሳው ሥራው እንዳይበላሽበት ሰግቶ፣ «የያዛችሁትን ስትጨርሱ ቀጣዩን እኔን ጠይቁ» አለ። ብዙም ሳይቆይ አጫጁ ሁሉ ፊቱ ተሰልፎ ቆመ። ይህን ያዩ አንዲት አሮጊት፣ «ልጄ፣ ሰዉን የጠራኸው ለአጨዳ ነው ወይስ አንተን ለመጠበቅ?» አሉት።

ጎልማሳውም ሰዉን በአራት ከፍሎ ለየቡድኑ አንዳንድ ማሳ ሰጠ። ሰልፉ ቀረ። ዳሩ ግን ጭንጫው ላይ የበቀለ ስስ ገብስ የደረሳቸው ቶሎ ጨርሰው ጠላ ሲጠጡ፣ ወንዝ ዳር ያሉት ገና ከጥቅጥቁ አዝመራ ጋር ይታገሉ ነበር። ተናዶ ሰዉን አሁንም አሁንም ከማሳ ማሳ ያዘዋውር ጀመር። ጊዜው በአቀበትና በቁልቁለት አለቀ፤ አዲስ የመጣውም ድንጋዩ የት የት እንዳለ እስኪያውቅ ማጭዱን ያዶለድማል።

«ማሳውን የለመደውን አትንቀለው» አሉት አሮጊቷ። «የጨረሰ ግን ራሱ ተነሥቶ ብዙ ወደ ቀረበት ይሂድ፤ ካልተነካው ጫፍ ይጀምርለት።»

እንዳሉት ሆነና በረዶው ሳይወርድ ገብሱ ታጨደ። ክምር የሚያውቅ ግን አንድ ሰው ብቻ ነበርና፣ ነዶ አቀባዩ ቢበዛም ክምሩ ከእሱ እጅ አልፈጠነም።

በኮምፒውተር ውስጥም ነገሩ እንዲሁ ነው፦ አጫጆቹ ሥራውን የሚሠሩት ኮሮች፣ ጎልማሳው ሥራውን የሚያከፋፍለው ስርዓተ ክወና ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ሊኑክስ 2.6 የተባለው ስርዓተ ክወና አንዱን የጋራ ሰልፍ ትቶ ለየኮሩ የራሱን ወረፋ ሰጠ፤ ሥራ የፈታው ኮርም ከተጨናነቀው ይወስዳል። ሥራ ሲዘዋወር ግን ኮሩ አጠገቡ ያኖረው ዳታ ወደ ኋላ ይቀራልና ዝውውሩ ዋጋ አለው። የከማሪውንም ነገር የኮምፒውተር መሐንዲሱ ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 አስረድቶታል፦ የማይከፋፈለው ሥራ የጠቅላላውን ሥራ ፍጥነት ይገታል። እንዲህም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎች ሊኑክስን ሲመረምሩ፣ ሥራ ወረፋ እየጠበቀ ሥራ ፈት የሆኑ ኮሮች አገኙ።

እንግዲህ ሥራ የሚያካፍል ሁሉ ይህን ይያዝ፦ ጠዋት እኩል ያካፈሉት ሥራ እስከ ማታ እኩል ሆኖ አይዘልቅም። ማን እንደ ጨረሰ፣ ማንን እንደ ከበደው ቀኑን ሙሉ መመልከት የመሪ ግዴታ ነው፤ የጨረሰም ሳይጠሩት መነሣት የጎረቤት ወግ ነው።