በአፍ ብቻ ብትለውስ?



በጥያቄና መልስ ጊዜያችን የማርያም ያሕያ ኢብራሂም ታሪክ በተነሣ ጊዜ ከወንድሞቻችን አንዱ እጁን አንሥቶ፣ «ታዲያ በአፏ ብቻ ብላው ብትወጣ ምን ነበረበት? እግዚአብሔር የሚያየው ልብን አይደለም እንዴ?» ሲል ጠየቀ። ግማሾቻችን ሳቁ፤ ግማሾቻችን ተቆጡ። መልስ የሰጠው ግን አልነበረም፤ እኔም ዝም ካሉት አንዱ ነበርሁ። ጥያቄው የሚሳቅበት ስላልሆነ እስቲ በጽሑፍ ልሞክረው።

ታሪኩን ላልሰማችሁ፣ ማርያም የተወለደችው ከመተማ ማዶ፣ በሱዳን ገዳሪፍ ነው። አባቷ ሱዳናዊ ሙስሊም፣ እናቷ ግን ኢትዮጵያዊት ኦርቶዶክሳዊት ናት። አባቷ በልጅነቷ ትቷቸው ስለ ሄደ እናቷ ብቻዋን በራሷ ሃይማኖት አሳደገቻት፤ ለአካለ መጠን ስትደርስም ክርስቲያን አገባች። በዚያን ጊዜ የነበረው የሱዳን ሕግ ግን የሙስሊም አባት ልጅ ሁሉ ሙስሊም ነው ብሎ ይቆጥር ነበር። ስለዚህ በግንቦት 7 ቀን 2006 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው) አንድ የካርቱም ፍርድ ቤት ሃይማኖቷን ክዳለች ብሎ በስቅላት እንድትሞት፣ ጋብቻሽ ጋብቻ አይደለም፣ ዝሙት ነው ብሎም መቶ ግርፋት እንድትገረፍ ፈረደባት። በዚያን ሰዓት ነፍሰ ጡር ነበረች። ሁለት ዓመት ያልሞላው ወንድ ልጇ አብሯት ታስሮ ሳለ፣ ሴት ልጇን በኦምዱርማን ወኅኒ ቤት እግሯ በሰንሰለት እንደ ታሰረ ወለደች።

ከፍርዱ በፊት ሐሳቧን እንድትለውጥ ሦስት ቀን ተሰጥቷት ነበር። የወንጀለኛ መቅጫው 126ኛ አንቀጽ፣ ከሳዩ ተመልሻለሁ ካለ ሞቱ ይቀርለታል ይል ነበርና። እርሷ ግን ክርስቲያን መሆኗን፣ ያልነበረችበትንም ሃይማኖት ልትክድ እንደማትችል ተናገረች። የወንድማችንም ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

እስቲ ሕጉን ከሌሎች ሕጎች ጋር እናስተያየው። ሌባ «አልሰረቅሁም» ስላለ አይለቀቅም፤ ነፍሰ ገዳይም «ተጸጽቻለሁ» ስላለ የሞተው አይነሣም። በዚህ ክስ ግን አንዲት ቃል ወንጀሉን እንዳልነበረ ታደርገዋለች። ዳኛው ያቺ ቃል ከልብ ትውጣ ከፍርሃት የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ገመድ ፊት ቆሞ የሚናገር ሰው ምን እንደሚናገር ግን ማንም አያጣውም። እንግዲህ ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን ቢቀርቡ፣ ሁለቱም በልባቸው አንድ ዓይነት እምነት ቢኖራቸው፣ የሚዋሸው ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እውነቱን የሚናገረው ይሰቀላል። ሃይማኖትን እጠብቃለሁ የሚለው ሕግ መርጦ የሚገድለው የማይዋሸውን ነው፤ ለሃይማኖቱ የሚያተርፍለትም የፈራውን ሰው ነው።

ይህን ስል በአፉ ብሎ ያመለጠውን ሰው እፈርድበታለሁ ማለቴ አይደለም። ጴጥሮስም በእሳት ዳር እየሞቀ ሳለ አላውቀውም ብሏል። ለእንጀራ ሲሉ ስማቸውን ወደ ሙስሊም ስም ቀይረው ጅዳ የወረዱ እኅቶቻችንን ማን ይወቅሳል? ማርያም ማለት ትችል ነበር፤ አላለችም፤ ይህ የእርሷ ጽናት ነው። እንድትመርጥ ያስገደዳት ግን ሕጉ ነው።

ሕጉ የሚጎዳው ክርስቲያኖችን ብቻ የሚመስላቸው አሉ። ማሕሙድ ሙሐመድ ጣሃ እስከ ዕለተ ሞቱ ሙስሊም ነኝ ያለ የሱዳን ሽማግሌ መምህር ነበር። ትምህርቱ ስላልተወደደ ከሃዲ ተብሎ በኒሜሪ ዘመን፣ በጥር 10 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ እኛ የከተራን ዕለት በምናከብርበት ቀን፣ ካርቱም ላይ ተሰቀለ። በ1979 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረው፤ የተሻረለት ግን ሰው አልነበረም። የጥንቶቹ የሸሪዓ ሊቃውንት ባብዛኛው የሞት ቅጣቱን መደገፋቸው እውነት ነው፤ በሃይማኖት ግዳጅ የለም ብለው ከቁርኣን እየጠቀሱ የሚቃወሙት ሙስሊሞችም ጥቂት አይደሉም።

ደግሞ ጣታችንን ወደ ሱዳን ብቻ አንቀስር። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላም ንጉሥ ሆኑ። ሼህ ጠልሃን የመሰሉት ዐመፁ። ከቀረው ሕዝብ ብዙው ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆነ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ካለፉ በኋላ ብዙዎቹ ወደ ቀድሞው ተመለሱ። እኛም በአዋጅ የሰበሰብነው የአፍ ቃል ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት 27ኛ አንቀጽ እንዲህ ያለውን ማስገደድ ከልክሏል።

ማርያምን በሰኔ 2006 ዓ.ም. የይግባኝ ፍርድ ቤት ነጻ ለቀቃት፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ እንደ ገና ተይዛ ብዙ ከተንገላታች በኋላ በሐምሌ ሮም ገባች፤ ከዚያም ወደ አሜሪካ ሄደች። ሱዳን የሞት ቅጣቱን በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ሰረዘች። በሞሪታንያና በየመን ሕግ ግን ተጽፎ ይገኛል።

አንድ ነገር ሳልናገር አልፌ ነበር። የካርቱም ካቶሊካዊ ሀገረ ስብከት እንደ ገለጸው፣ ማርያም ከማግባቷ ጥቂት ቀደም ብላ ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገብታ ነበር። በዚያው ዕለት ይህ ሲነገር የአንዳንዶቻችን ፊት ሲቀዘቅዝ አየሁ፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ እኅታችን ስንላት ነበር።

ባለፈው ዓመት ከመዘምራኑ አንዲቱ ወደ ሌላ ቤተ እምነት ስትሄድ ገመድ ያዘጋጀላት የለም። ሰላምታ ግን ነሣናት። አያቷ ሲሞቱ ለቅሶ የደረሰ ከመካከላችን አልነበረም፤ እኔም አልሄድሁም። ነገ ተመልሳ ብትመጣ፣ አምናበት ይሁን ብቸኝነቱ ከብዷት በምን እናውቃለን? በሚመጣው እሑድ ከጉባኤ በኋላ ቤቷ ሄጄ ልጠይቃት አስቤአለሁ፤ አብሮኝ የሚሄድ ካለ ይንገረኝ።