የ8 ሰከንድ ዕዳ

አንግሊሩ በሰሜን ስፔን፣ በአስቱሪያስ ያለ ዳገት ነው። ርዝመቱ ከ12 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። መጀመሪያ ላይ እንደማንኛውም ተራራ ያስኬዳል፤ ከግማሹ በኋላ ግን መንገዱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ተዳፋትነቱ ከ20 በመቶ የሚበልጥበት ቦታ ላይ መቶ ሜትር ወደፊት መሄድ የስድስት ፎቅ ያህል ከፍታ መውጣት ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 13 ቀን 2023፣ የስፔን ዙር በሚባለው የቩኤልታ ውድድር 17ኛ ምዕራፍ፣ በዚህ ዳገት ላይ ሦስት የአንድ ቡድን ልጆች ከፊት ነበሩ። የመሪነቱን ቀይ ማልያ የለበሰው አሜሪካዊው ሴፕ ኩስ ነው፤ አብረውት የዴንማርኩ ዮናስ ቪንጌጎር እና የስሎቬኒያው ፕሪሞዥ ሮግሊች አሉ። ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር ኩስ አንድ ጎማ ያህል ወደ ኋላ ቀረ። ክፍተቱ ሰፋ። ሁለቱ አልጠበቁትም።

ሮግሊች አንደኛ፣ ቪንጌጎር ሁለተኛ ገቡ። ኩስ የሌላ ቡድን ሰው የሆነውን የሚኬል ላንዳን ጎማ ተከትሎ ወጣ፤ መጨረሻ ላይ ቀደመውና ከ19 ሰከንድ በኋላ ሦስተኛ ሆኖ ገባ። ያን ቀን ጠዋት ከቪንጌጎር በ29 ሰከንድ ይመራ ነበር። 19ኙ ተቀነሰ። ለሁለተኛ የሚሰጠው ጉርሻ ለቪንጌጎር 6 ሰከንድ ጨመረለት፤ ለሦስተኛ የሚሰጠው ደግሞ ለኩስ 4 መለሰለት። የቀረው 8 ሰከንድ ነው። ከሁለት ሳምንት ተኩል በላይ የተጋለበበት መሪነት፣ አንድ ሰው የጫማውን ማሰሪያ አስሮ በማይጨርስባት ጊዜ ላይ ቆመ።

ብዙ ተመልካች በዚያ ቀን ተቆጣ፤ እኔም ተቆጥቻለሁ። ቁጣ ግን ክርክር አይደለም። «ጠንካራው ያሸንፍ» የሚለው ሕግ የስፖርት ሁሉ መሠረት አይደለምን? ሁለቱ በዚያ ዳገት ላይ ከኩስ ይበረቱ ከነበረ ምን በደሉ? ይህን ጥያቄ በቅንነት ለመመለስ አስቀድሞ ሌላ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በ17ኛው ምዕራፍ ላይ በአንድ ሰው እግር ውስጥ የሚገኘው ብርታት የማን ነው?

ብቃት የምንለውን ነገር ሰው በኪሱ ይዞት እንደሚዞር ገንዘብ እናስበዋለን። የሦስት ሳምንት ውድድር ይህን አስተሳሰብ ያፈርሰዋል። በዚያው ቩኤልታ የቀደመው ዓመት አሸናፊ ቤልጅየማዊው ሬምኮ ኤቨነፑል በ13ኛው ምዕራፍ፣ ወደ ቱርማሌ ተራራ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ 27 ደቂቃ ተቀድሞ ገባ። በማግስቱ ያው ሰው፣ በዚያው እግር፣ ተራራማውን ምዕራፍ ብቻውን አሸነፈ። ታዲያ የቱ ነው እውነተኛው ኤቨነፑል? ብቃት በየቀኑ የሚጠፋና የሚሞላ ነገር ነው፤ ማታ በእንቅልፍ፣ በምግብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሳይወጣ በቀረ ጉልበት ይሞላል። ሳይወጣ የቀረው ጉልበት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው ያወጣው ነው።

በሜዳ ላይ የብስክሌተኛ ዋና ባላጋራ አየር ነው። ከሌላው ጀርባ ተጠግቶ የሚጋልብ ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ይቆጥባል። ስለዚህ አንድ ቡድን ስምንት ሰው ሲያሰልፍ አብዛኞቹ የሚሰለፉት አየሩን ለሌላው እንዲሰብሩ ነው። ከዚያ ውጭ ያለውም ሥራ ቀላል አይደለም። ረዳቱ ሆን ብሎ ወደ ኋላ ይቀርና ከቡድኑ መኪና መስኮት ኮዳ ይቀበላል። ሁለቱን ብስክሌቱ ላይ ይሰካል፤ ሦስት አራቱን በማልያው የጀርባ ኪስ ይጨምራል፤ የቀረውን በአንገቱ በኩል ወደ ጀርባው ይከታል። እንደ ግመል ጎብጦ፣ ያ ሁሉ ውሃ ጀርባው ላይ እየተንገጫገጨ፣ ከመቶ በላይ ሰው ሰንጥቆ ወደ ፊት ይመለሳል። አንድ በአንድ ያድላል። ከዚያ የጨረሰውን ጉልበት ሳይተካ ወደ ንፋሱ ይገባል።

ፈረንሳዮች ይህን ሰው «ዶሜስቲክ» ይሉታል፤ የቤት አሽከር ማለት ነው። ቃሉ በ1911 በስድብነት እንደተወለደ ይነገራል። የቱር ደ ፍራንስ መሥራች አንሪ ደግራንዥ ሌላውን የረዳውን ሞሪስ ብሮኮን ያዋረደበት ነበር። ደግራንዥ የሚፈልገው እያንዳንዱ ሰው ብቻውን የሚታገልበትን ውድድር ነውና መረዳዳት ለእርሱ ማጭበርበር ነበር። ዛሬ ያ ስድብ የሥራ መደብ ስም ሆኗል። የደግራንዥ ሐሳብ ግን አልሞተም። አንግሊሩ ላይ «ጠንካራው ያሸንፍ» የሚለው ሰው፣ ሳያውቀው፣ የደግራንዥን ሕግ ለመጨረሻዎቹ ሁለት ኪሎ ሜትሮች ብቻ ያውጃል። እስከዚያ ድረስ የቡድን ሥራ፣ ከዚያ በኋላ የግል ሀብት።

ኩስ በዚያ ዓመት ምን እንደሠራ እንመልከት። በሜይ ወር በጣሊያን ዙር ሮግሊችን ረድቶ ለድል አበቃ፤ ራሱ 14ኛ ወጣ። በጁላይ በቱር ደ ፍራንስ ቪንጌጎርን ረድቶ ለድል አበቃ፤ ራሱ 12ኛ ወጣ። ከዚያ ሦስተኛውን የሦስት ሳምንት ውድድር ጀመረ። መሪነቱን ያገኘበትም መንገድ ከቡድን ስልት አይለይም። በስድስተኛው ምዕራፍ፣ በሃቫላምብሬ፣ ቀድመው ካመለጡት ጋር ተቀላቅሎ ሄደ። ስልቱ የታወቀ ነው፤ አንዱን ወደ ፊት ስትልክ ተቃራኒ ቡድን ለማሳደድ ይደክማል፣ የአንተ መሪዎች ከኋላ ተቀምጠው ያርፋሉ። ኩስ ምዕራፉን አሸነፈና በመሪዎቹ ላይ ሦስት ደቂቃ ገደማ አገኘ። እንደ አሽከር ስለታየ ሄደ፤ ከሄደ በኋላ ግን እንደ አሽከር መታየቱን ማስቀጠል አስቸጋሪ ሆነ።

«ደመወዙን ተቀብሏል፤ ምን ዕዳ አለ?» የሚል ይኖራል። ይህ ቀላል መልስ አይደለም፤ ረዳቱ ውል ፈርሞ፣ ዋጋ ተስማምቶ የገባበት ሥራ ነው። ነገር ግን ጋላቢዎቹ ራሳቸው እንደዚያ አያስቡም። የሽልማቱን ገንዘብ አሸናፊው ለብቻው አይወስድም፤ ለቡድን ጓደኞቹ ይከፋፈላል። ይህ የቆየ ልማድ የሚናገረው ደመወዝ ያልዘጋው ሒሳብ እንዳለ ነው።

ለዚህ ሒሳብ እኛ ጥሩ ቃል አለን፤ ወንፈል። በወንፈል ዛሬ ያንተን ማሳ እናርሳለን፣ ነገ የእኔን። በእኔ ተራ ቀን ከመካከላችን ጎበዝ አራሹ ማነው ተብሎ ምርቱ ለእርሱ አይሰጥም። ጎበዙም ሰነፉም በዚያ ቀን የሚያርሰው የባለተራውን መሬት ነው። አንግሊሩን በዚህ ዓይን ካየነው ሁለቱ የበደሉት የኩስን ተራ ቀን ነው። በሜይ እና በጁላይ ማሳቸው ታርሶላቸዋል።

እዚህ ላይ ሮግሊችን በአንድ ወገን ሒሳብ ልፈርድበት አልችልም። በ2022 ቱር ደ ፍራንስ፣ በአምስተኛው ምዕራፍ ወድቆ ትከሻው ወልቆ ነበር። በ11ኛው ምዕራፍ ግን ከቪንጌጎር ጋር እየተፈራረቀ ዋና ባላጋራቸውን ታዴይ ፖጋቻርን ገና ከሩቅ ያጠቃው እርሱ ነው። አንዱ ሲወጣ ፖጋቻር ያሳድዳል፤ ሲደርስበት ሌላው ይወጣል። በመጨረሻው ዳገት፣ በግራኖን፣ ፖጋቻር ከሦስት ደቂቃ ትንሽ ባነሰ ጊዜ ተቀደመ፤ ቪንጌጎር የመሪውን ቢጫ ማልያ ለበሰ። ሮግሊች ራሱን አቃጥሎ ከጥቂት ቀን በኋላ ውድድሩን አቋረጠ። እርሱም አበዳሪ ነው። በአንግሊሩ ላይ ከነበሩት ከሦስቱ የማንም እጅ ባዶ አልነበረም።

ታዲያ የግራኖኑ ጥቃት ትክክል፣ የአንግሊሩ ስህተት የሚሆነው ለምንድን ነው? ስልት ባላጋራ ይፈልጋል። በግራኖን ባላጋራው ፖጋቻር ነበር። በአንግሊሩ በአጠቃላይ ደረጃ አራተኛው ሰው በደቂቃዎች ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር፤ ቡድኑን የሚያሰጋ ማንም የለም። ሁለቱ በፍጥነታቸው የጎዱት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም የራሳቸው ሰው ነው። ሮግሊች ምዕራፉን ለማሸነፍ መብት ነበረው ይሉኛል፤ እስማማለሁ። ነገር ግን ዳገቱን በጓደኛቸው እርምጃ ቢወጡና የመጨረሻው መቶ ሜትር ላይ ቢያመልጥ ምን ይጎድልበት ነበር?

ይበልጥ የሚከብደኝ ሌላ ተቃውሞ ነው። ጠንካራው ቆሞ ደካማውን ከጠበቀ ድሉ ስጦታ አይሆንም ወይ? ስጦታ የሆነ ድል ተቀባዩን አያዋርድም ወይ? እዚህ ላይ 2004 አቴንስ ትዝ ይለኛል። በ10,000 ሜትር ቀነኒሳ በቀለ እና ስለሺ ስህን ፍጥነታቸውን ቀንሰው ዞር ዞር እያሉ የተጎዳውን ኃይሌ ገብረሥላሴን ሲጠብቁ አይተናል። ኃይሌ ሊደርስ አልቻለም፤ ሄዱ። ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር፣ ኃይሌ አምስተኛ። ጠበቁት እንጂ ድሉን ሰጥተውት አያውቁም፤ መጠበቅ በሩን ክፍት ማድረግ ነው፣ የሚገባበት እግር የራሱ የሰውየው መሆን አለበት። የኩስ እግር ገብቷል። ቱርማሌ ላይ ቪንጌጎርን ተከትሎ፣ ከሮግሊች ቀድሞ፣ ሁለተኛ የወጣው ማንም ይዞት አይደለም። አንግሊሩም ላይ ላንዳን የቀደመው ራሱ ነው፤ ያች 4 ሰከንድ ባትኖር የሚቀረው 4 ብቻ ነበር።

ከአንግሊሩ በኋላ ቡድኑ ለኩስ ወሰነ። በማግስቱ ልዩነቱ ወደ 17 ሰከንድ ሰፋ፤ እስከ ማድሪድም በዚያው ቆየ። ኩስ አንደኛ፣ ቪንጌጎር ሁለተኛ፣ ሮግሊች ሦስተኛ። ቡድናቸው ዩምቦ ቪስማ ሦስቱንም ታላላቅ ዙሮች በአንድ ዓመት፣ በሦስት የተለያዩ ሰዎች ያሸነፈ የመጀመሪያው ቡድን ሆነ። የወንፈሉ ሒሳብ የተዘጋ ይመስላል።

ለእኔ ግን አልተዘጋልኝም። በወንፈል እያንዳንዱ የራሱ ማሳ አለው። አብዛኛው ረዳት ጋላቢ ማሳ የለውም፤ ዕድሜውን ሙሉ የሰው መሬት አርሶ ይጨርሳል። የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው፤ የውጤት ሰንጠረዡ ግን አየሩን ለማን እንደሰበረ፣ ኮዳውን ለማን እንዳደረሰ አይናገርም። ኩስ ተራው የደረሰው በአንድ ስድስተኛ ምዕራፍ፣ በአንድ ስልት ምክንያት ነው። ያን ቀን ሌላ ሰው ተልኮ ቢሆን 2023 ለእርሱ 14ኛ፣ 12ኛ እና ሌላ ቁጥር ሆኖ ያልፍ ነበር፤ የሠራው ሥራ ግን በአንዲት ኮዳ አይቀንስም ነበር።

በዚያው ቡድን ውስጥ የሆላንዱ ሮበርት ሄሲንክ ነበር። ዕድሜው 37 ነበር። በወጣትነቱ እርሱ ራሱ ሌሎች የሚጋልቡለት የአገሩ ተስፋ ነበር። በ2023 ቩኤልታ ከፊት ሆኖ አየር ሲሰብር፣ ዳገቱ ሲበረታ ወደ ጎን ወጥቶ ሌሎቹ ሲያልፉት ይታይ ነበር። ካሜራው ከሦስቱ ጋር ይሄዳል። እርሱ ቀስ እያለ፣ ብቻውን፣ ያን ዳገት ገና ሊጨርሰው ነው።